ጋሽ ዘውዱን ያነሣንበት አጣና

ለክቡር አባቴ ለሙሐመድዘይን፣ ጅቡቲ፤

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አባዬ፣ ጤናዎ እንዴት ከረመ? ወገብዎንስ ተሻለዎት? የጅቡቲ ሙቀትስ እንዴት ይዞዎታል? እኛ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ሁላችንም በሕይወት አለን። መንገዱ ተከፍቶ ሾፌሩ ሞላ ወደዚያ ስለሚወርድ፣ ስልኩም እየተቆራረጠ ስላላስጨረሰኝ፣ ይህችን ጻፍኩልዎ።

የወዳጅዎን የጋሽ ዘውዱን ነገር ከሌላ ሰው አፍ ከሚሰሙ ከእኔ ይስሙ። በኅዳር አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ከባድ መሣሪያ አጠገባችን ወድቆ መኪና የሚጠግንበት የጋራዡ ግንብ ተናደ፤ ከበሩ በላይ የነበረው የሲሚንቶ አግዳሚ እግሩ ላይ አረፈበት። ጩኸቱን ሰምተን እናቴ፣ እኔና ጎረቤታችን ማሚቴ ሮጥን። ወንድሜን ሂሻምን ጨምሮ ወንዶቹ ጦርነቱን ፈርተው ግራና አካባቢ ወዳለው ገጠር ሸሽተው ነበር፤ መኪና የሚያነሣበት ክሪክም ከጋራዡ ዕቃ ጋር ተዘርፏል። በእጃችን ብንታገል አግዳሚው ንቅንቅ አላለም።

ከአጥራችን ወፍራም አጣና ነቅዬ አመጣሁ። አባዬ፣ መፈንቅልን ስድስት ዓመት ሙሉ በጠመኔ እየሳልኩ አስተምሬያለሁ፤ በጨነቀኝ ዕለት ግን መደገፊያውን ድንጋይ ከአግዳሚው አርቄ አስቀመጥኩት። ሦስታችን ተንጠልጥለንበት ትንሽ ከፍ እንዳለ አጣናው ተንሸራተተና አግዳሚው ተመልሶ እግሩ ላይ ወደቀበት። ያን ጊዜ የጮኸው ከጆሮዬ አልወጣም። እናቴ፣ «ልጄ፣ ተረጋጊ። ለተማሪዎችሽ እንደምትነግሪያቸው አድርገሽ ንገሪን» አለችኝ። ድንጋዩን ወደ አግዳሚው አስጠጋሁ፤ የምንጫንበት ወገን ረዘመ። እኔና እናቴ «ቢስሚላህ» ብለን ስንጫን ያ ሁሉ ክብደት ቀስ ብሎ ተነሣ። ማሚቴ «በስመአብ» እያለች በብብቱ ይዛ ጎተተችው።

እግሩ ሁለት ቦታ ተሰብሮ ነበር። ወጌሻ አሰረለት፤ አሁን በምርኩዝ ደጅ ይወጣል። እኔ ግን ባለፈው ሄጄ፣ ሁለተኛውን ስብራት ያመጣሁት እኔ ሳልሆን አልቀርም ብዬ ነገርኩት። እሱም፣ «ለይላ፣ እኔም በዕድሜዬ ስንት መኪና ከክሪክ ላይ ጥያለሁ። ትተሽኝ ብትሄጂ ነበር የምቀየምሽ» አለኝ። እጁን ስሜ አለቀስኩ። በየቀኑ ስለ እርስዎ ይጠይቃል፤ በሞላ እጅ ሁለት መስመር ይጻፉለት።

ማሚቴ ከነልጆቿ ሰላም ብላዎታለች። ሂሻም ቁመቱ ከእኔ በልጧል፤ ሲመጡ እንዳይስቱት፣ ጉልበትዎን ይስማል። እናቴ፣ «ቤቱ ቆሟል፣ እኛም ቆመናል፤ እሱ ብቻ ይምጣልን በይልኝ» ትላለች።

ልጅዎ ለይላ ሙሐመድዘይን
መርሳ፣ ሀብሩ
ጥር 12 ቀን 2014 ዓ.ም.