በጎሬም በር ቢሆን

መቱ፣ ኅዳር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለኢርሻድ ሙነወር
ጁባ

አሰላሙ ዓለይኩም ልጄ፣

ይህን ወረቀት ይዞልህ የመጣው ወደ ጁባ የሚመላለሰው ኢማድ ነው። ባለፈው ወር ከጁባ ሲመለስ፣ ኮኞ ኮኞ ገበያ ዕቃ ስታወርድ እንዳየህ ነገረን። እናትህ «ከስቷል?» አለችው። «ትንሽ፤ ሳቁ ግን አለ» አላት። እዚያው ቆማ መረቀችው። ስልክህን ሳይቀበል በመምጣቱ ግን እስካሁን ይቅር አላለችውም። በድሮው ቁጥርህ የሚያነሳው ዐረብኛ ተናጋሪ ጨዋ ሰው ነው፤ እናትህ ደጋግማ ስለደወለች አሁን ተላምደዋል።

እኛ ደህና ነን። ቡናው ዘንድሮ ጥሩ ይዟል፤ ችግሩ ለቃሚ ነው። እኔ መነጽር ቀይሬያለሁ። የእናትህ ጉልበት ክረምቱን አስቸግሯት ነበር፣ ፀሐይ ሲወጣ ተሽሏታል። የጨርቅ ሱቁም እንዳለ አለ።

ልጽፍልህ የተነሳሁት ስለ ኢንተርኔት ገጼ ነው። «የመቱ ማለዳ» በድሮው ቦታ የለም። ምናልባት ፈልገህ ስታጣው አባቴ ሰልችቶት ዘጋው ብለህ ይሆናል። እኔ አልዘጋሁትም።

ከጋዜጣው በጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ በየቀኑ ስጽፍበት እንደነበር ታውቃለህ፦ ሞት፣ የጠፋ መታወቂያ፣ የተቆረጠ መንገድ፣ የቡና ዋጋ። ከሁሉ በፊት ደግሞ በማለዳ ስለ ዝናቡና ስለ ሶር ወንዝ ሁለት መስመር። እነዚያን ሁለት መስመሮች ከቁም ነገር የሚቆጥራቸው ሰው ጥቂት ነበር። አውራ ጣት የሚያኖሩባቸው ሦስት አራት ሰዎች ናቸው፤ አንዱ አንተ ነበርክ። ቃል ጽፈህ አታውቅም። እናትህ በየጠዋቱ «ልጁ በዚህ አለፈ?» ትለኝ ነበር። አውራ ጣትህን ሳይ «አልፏል» እላታለሁ። ከዚያ ወደ ሱቅ ትሄዳለች።

ባለፈው ሰኔ አንድ ጠዋት ብከፍተው ገጹ የለም። የእኔም ስም አብሮ ጠፍቷል። «ደንብ ተላልፈዋል» ይላል፤ የትኛውን ደንብ እንደሆነ አይገልጽም። አቤቱታ ጻፍኩ። መልሱ ወዲያው መጣ፤ ሰው አንብቦት ቢሆን ኖሮ እንዲያ አይፈጥንም ነበር። ከወጣት ጋዜጠኝነቴ ጀምሮ ሳንሱርን አውቃለሁ። ሳንሱር እንኳ ቢሮ ነበረው፤ አንኳኩተህ ገብተህ የምትከራከረው ሰው ነበር። የዚህኛው በር የት እንዳለ የሚያውቅ አላገኘሁም። ለካ አሥራ ሁለት ሺህ ሰው የሰበሰብኩት በሌላ ሰው ግቢ ውስጥ ነው።

የጎረቤታችን የጋሽ በዳሳ ልጅ ጊፍቲ፣ አሁን ገበያው ዳር የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ አላት፣ በራሷ ስም ጽፋልህ ነበር። «የማያውቁት ሰው መልእክት ለብቻው ይቀመጣል፤ ባለቤቱ ካልከፈተው እዚያው ይቀራል» ብላናለች። ስለዚህ አልተቀየምንህም።

እኔ በዚያው ቦታ ሌላ ገጽ እንድትከፍትልኝ ነበር የፈለግኩት። እሷ ግን «ነገ ያንንም ይዘጉታል፣ ጋሼ። የራሳችንን ቤት እንሥራ» አለች። አሠራሩ እንዲህ ነው። ፕሮግራሙ የአንድ ኩባንያ ንብረት አይደለም። ኮዱ ክፍት ነው፤ የፈለገ ወስዶ በራሱ ሰርቨር፣ ሁሉን በሚያስቀምጠው ኮምፒውተር ላይ ይተክለዋል፣ ያልተስማማውን ያስተካክላል፣ ደንቡንም እዚያ ያሉት ሰዎች ያወጣሉ። ሆኖም በአንዱ ሰርቨር ያለ ሰው በሌላው ካለው ጋር ይጻጻፋል። የየሰፈሩን እድር አስብ፦ እያንዳንዱ የራሱ ዳኛና የራሱ ደንብ አለው፤ ለቅሶ ሲሆን ግን ድንኳን ይዋዋሳል።

ቤቱ ከመከፈቱ በፊት ገጹ ላይ የሚነኩትን ቁልፎች ስም ወደ አማርኛና ወደ ኦሮምኛ መመለስ ነበረብን። ጊፍቲ በእናትህ ሱቅ ተቀምጣ «ይቺ የኮከብ ቁልፍ ጽሑፉን ወድጄዋለሁ ማለት ናት» አለች።

እናትህ ጨርቅ እየለካች ነበር። «ሞት ላይም?»

«ሞት ላይም ያው ነው፣ እትዬ።»

«ለቅሶ ቤት ገብቶ ‹ወድጄዋለሁ› የሚል ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«ታዲያ ምን እንበለው?»

እኔ «ደርሶኛል» የሚለውን አቀረብኩ። «እሱ የመሥሪያ ቤት ነው» ብላ እናትህ ጣለችው። መቀሱን አስቀመጠች። «‹ሰምቻለሁ› በሉት። ሰው የሩቅ ወሬ ሲደርሰው፣ ደስ ቢለውም ቢከፋውም፣ መጀመሪያ የሚለው እሱን ነው። ሌላውን ቆይቶ ይለዋል።»

በድሮው ቦታ እንዲህ ያለው ሐሳብ ለማን ይነገራል? ጊፍቲ በማግስቱ ለወጠችው። አሁን በገጻችን ላይ በሁለቱም ቋንቋ «ሰምቻለሁ» ይላል።

የቀረን የጎሬ ሰው ነበር። ከአንባቢዎቼ ብዙዎቹ ጎሬዎች መሆናቸውን ታውቃለህ። የጎሬውን የማተሚያ ቤት ባለቤት ወልደ ማርያምን ወደ ሱቁ ጠርቼ ነገሩን አስረዳሁት። ሰምቶ ሲጨርስ «ስሙን ማን አላችሁት?» አለ።

«የመቱ ማለዳ።»

«የክፍለ ሀገሩን ዋና ከተማነት ከጎሬ ወሰዳችሁ። መሥሪያ ቤቶቹን ጭናችሁ ወረዳችሁ። አሁን ደግሞ የጎሬ ሰው ሲሞት በመቱ በኩል ይሙት?»

«ወልዴ፣ ገጹ እኮ የሁላችንም ነው።»

«የሁላችንም ከሆነ ‹የጎሬ ማለዳ› በለዋ!»

እናትህ ከመደርደሪያው ጀርባ «ጎሬ በዚያ ጭጋግ ማለዳ አለው እንዴ?» አለችው። ሳቀ፤ ግን ባርኔጣውን አንስቶ ወጣ።

እኔ ነገሩ ሳይጀመር አለቀ ብዬ ተቀመጥኩ። ጊፍቲ ስትሰማ አጨበጨበች። «ሂን ሶዳቲና፣ ጋሼ! ምን ያስፈራል? የራሳቸውን ይትከሉ እንጂ! ሁሉም ሰው እኛ ጋ ከገባማ እኛም ያ ኩባንያ ሆንን ማለት ነው።» በዚያው ሳምንት ጎሬ ወጥታ ወልደ ማርያም ማተሚያ ቤት ውስጥ ተከለችላቸው። ስሙን «ጎሬ ከላይ» አሉት። «ሰምቻለሁ»ንም ሳያመሰግኑ ወሰዱ።

መስከረም ላይ የጎሬዋ እትዬ መንበረ አረፉ። ማስታወቂያው በጎሬ ቤት ወጣ፤ ወዲያው እኛ ጋ ታየ፣ የጎሬን ስም እንደያዘ። ከሥሩ «ሰምቻለሁ» የሚለው እየበዛ ሄደ። በሚኒባስ ተጭነን ወጣንና ለቀብሩ ደረስን። ወልደ ማርያም በቤተ ክርስቲያኑ በር አግኝቶኝ በጆሮዬ «አየህ? ከላይ ነው የመጣላችሁ» አለኝ።

ሁሉም ሞልቷል ብዬ አልዋሽህም። ከዚያ ሁሉ ሰው የመጣው ጥቂት መቶ ነው። ወጣቶቹ ጭፈራ የለውም ይላሉ። መቱ መብራት ሲጠፋና ባትሪው ሲያልቅ ቤታችን ይጨልማል፤ ያን ጊዜ ወልደ ማርያም ደውሎ «ጨልማችኋል» ይለኛል፣ እኔ ጨለማው ውስጥ የተቀመጥኩ አይመስለውም። ቢሆንም የጎሬው ይሠራል። አሁን ደግሞ በጋምቤላ መንገድ ያሉት ቡሬዎች የራሳችንን ትከሉልን ብለው ጊፍቲን እያስቸገሯት ነው።

ልጄ፣ ያኔ ቡሬ ላይ የራሴን ሱቅ ልክፈት ስትለኝ የአንድ ቤት ሰው ሱቁ አንድ ነው ብዬህ ነበር። መናኸሪያው ላይም ሳንጨባበጥ ተለያየን። ስለዚያ ዛሬ አልጽፍም። ወልደ ማርያም የራሱን ቤት ከተከለ ወዲህ ግን ከእሱ ጋር ከበፊቱ ይበልጥ እንነጋገራለን።

አድራሻዎቹን በወረቀቱ ጀርባ ጽፌልሃለሁ። በእኛ በኩል ግባ አልልህም። በጎሬ በር ብትገባ ወልደ ማርያም ይኮራብኛል፤ ይኩራ። ጁባ ላይ የራስህን መትከል ብትፈልግም ጊፍቲ ታሳይሃለች። ከየትኛውም ቤት ብትሆን ይደርሰናል።

ዝናቡንና ሶርን አሁንም በየማለዳው እጽፋለሁ። ጊፍቲ «ይሄን ማን ያነበዋል፣ ጋሼ?» ትለኛለች። ልማድ ነው እላታለሁ። እናትህ መጠየቋን ትታለች። ሱቅ ከመሄዷ በፊት ግን አጠገቤ ቆማ ሻሿን ታስራለች፤ ከወትሮው ረዘም ይልባታል።

አላህ ከክፉ ይጠብቅህ። ያወረድከው ዕቃ ይሸጥልህ፤ የያዝከው ይባረክልህ፤ ባለህበት አገር ደግ ጎረቤት ይስጥህ። መልስ ጻፍ ብዬ አላስቸግርህም። ከሁለቱ መስመሮች ሥር ያለችውን ቁልፍ ብቻ ንካት።

አባትህ፣
ሙነወር

የዛሬው፦ ዝናብ የለም። ሶር ጎድሏል። መንገዱ እስከ ጋምቤላ ክፍት ነው።