እታለም ያካፈለችኝ ኪኒን

ልጄ አጵሎስ፣ ባለህበት ደቡብ አፍሪካ ጌታ መውጫ መግቢያህን ይጠብቅልኝ። እኛ ደህና ነን፤ እንሰቱም አምሮበታል።

ባለፈው ከጎረቤታችን ከእታለም ጋር ለደም ግፊታችን ጤና ጣቢያ ሄደን ነበር። ሁለታችንም የጤና መድን አለን፤ ግን "መድኃኒቱ የለም፣ ከውጭ ግዙ" አሉን። እኔ አንተ በላክልኝ ብር ገዛሁ፤ እሷ ባዶ እጇን ተመለሰች። በማግስቱ "አገኘሽ ወይ?" ስትለኝ አፈርኩና "እኔም አጣሁ" አልኳት።

ትናንት ዶሮዎቿን ሸጣ ጥቂት ኪኒን ገዛችና ግማሹን ይዛልኝ መጣች። "አንቺም የለሽም ብዬ ነው" አለችኝ። የእኔው ሙሉ ፓኬት ትራሴ ሥር ነበር። ተቀበልኳት።

ልጄ፣ እልክልሻለሁ ያልከኝን ቀሚስ ተወውና ለእሷም መድኃኒት የሚሆን ላክልኝ። ጌታ እጅህን ይባርከው። ምን ብዬ እንደምሰጣት ግን አንተው ንገረኝ።

እናትህ