ከተግሣጽ በፊት ዳቦ

ትርፌዬ፣ እዚህ ኪርጊዝስታን በረዶው እስከ ጉልበት ደርሷል። እኔ ግን ስለማስተምርበት ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ስለ እትዬ ቡሩላይ ልንገርሽ። ትናንት ወጣቱ መምህር ኤርመክ በንዴት የአንዲት ተማሪ ደብተር ቀደደ። ቢሮ ሲጠራ ፊቱ አመድ መስሎ፣ እጁ እየተንቀጠቀጠ ገባ። እሳቸው ዳቦ ቆርሰው አቀረቡለት። የቀረበ ዳቦ ሳይቀምሱ መውጣት እዚህ ነውር ነው።

«እትዬ፣ አይወርድልኝም። ዝም ብለው ያባርሩኝ!»

«ብላ አልኩህ! ስለ አንጎል ያነበብኩት ይኸው ነው፤ የፈራ ሰው የሚያስበው ማምለጫውን ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ከግድግዳ ጋር አላወራም።»

ሁለቴ ሲጎርስ እጁ ረጋ። «አሁን ንገረኝ፣ ልጅቷን ምን ብንላት ይሻላል?» አሉት። ማንም ሳያዘው ተነስቶ ክፍል ገባና በተማሪዎቹ ሁሉ ፊት ይቅርታ ጠየቃት።

እኔ ወልድያ ርዕሰ መምህር ሳለሁ በር ላይ ቆሜ ስንቱን አንቀጠቀጥኩ! መከበር ይመስለኝ ነበር።

የስልኬ ካርድ ሊያልቅብኝ ነው፤ ልጆቹን ሳሚልኝ። ያኔ ወልድያ በሰው ፊት ያስለቀስኳትን መምህርት ስንዱን ካገኘሻት፣ ስመጣ ዳቦ ይዤ ደጇ እንደምቆም ንገሪያት። አሁን የሚንቀጠቀጠው የኔ እጅ ነው።

ወንድምሽ ገብረየስ