የሁለተኛው መርፌ ጥንቸሎች

ሰኞ

ሦስቱም ሞቱ! ጠዋት የእንስሳት ክሊኒካችን ውስጥ ሁለት ዓይነት መርፌ ስናወዳድር ነበር። ለሦስት ጥንቸሎች ማስተኛ መድኃኒቱን ከማረጋጊያ ጋር፣ ለሌሎቹ ሦስት ማስተኛውን ከሕመም ማስታገሻ ጋር። የምትወጋው የእህቴ ልጅ ብርቄ ናት፤ እኔ ያዥ ነኝ። የመጀመሪያዎቹ ቶሎ ነቅተው ቧጨሩኝ። ሁለተኛዎቹ እንደ ጨርቅ ተዘርግተው ቀሩ። "እንዳንቺ የእሑድ እንቅልፍ" አልኳት፤ ሳቀች። ይጠብቃቸዋል የተባለው ዶክተር ከሁላችንም ቀድሞ ለምሳ ወጣ። ስንመለስ የሁለተኛዎቹ ሣጥን ባዶ! ዘበኛው ጋሽ ወልዴ፣ "ሞቱ፤ ጣልኳቸው" አለ። ዶክተሩ ብርቄን በሰው ፊት፣ "አብዝተሽ ነው። ከእንግዲህ መርፌ እንዳትነኪ!" አላት። መጠኑን ቀድቶ የሰጣት እኮ ራሱ ነው!

ማክሰኞ

ብርቄ ሣጥን ስታጥብ ዋለች። ላስቃት ብዬ የዶክተሩን አረማመድ አሳየኋት። "ጋሼ፣ ዛሬ እንኳ ይተዉኝ" አለች። ከሥራ ከወጣች አገሯ ጢቾ፣ አባቷ ዘንድ መመለሷ ነው፤ እዚያ ደግሞ የማትወደውን ባል መርጠው ይጠብቋታል። ደሜ ፈላ።

ረቡዕ

ጠዋት ጎረቤታችን ወይዘሮ ፋጡማ ከአጥር ማዶ ጮኹ። "እናንተ ሐኪሞች! ጥንቸላችሁ ጎመኔን ጨረሰው!" ሄጄ ባየው ግንባሩ ላይ ነጠብጣብ ያለው፣ ሰኞ ሞተ የተባለው! አቅፌው ጋሽ ወልዴ ፊት ቆምኩ።

"ይኼ ማነው?"

"ዓይኑ ፈጦ ነበር'ኮ!"

"ሲተነፍስ አላዩም?"

"ርኩስ ነገር ማን ይነካል? በአካፋ ነው ያወጣሁት። ሞቶ ግቢ ውስጥ ይዋል?"

ሁለቱን እሱ ከጣላቸው፣ ከግቢው ጀርባ ካለው ገደል ሥር ሞተው አገኘኋቸው። ተኝተው ሳሉ የሐምሌ ዝናብ ጨርሷቸዋል። በሽማግሌ ላይ ጮህኩ። ይበለው!

ሐሙስ

ጥንቸሉን ዶክተሩ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ፣ "ሟቹ ጤና ይስጥልኝ ብሎዎታል" አልኩት። አልሳቀም። የሆነውን ስነግረው ፊቱ ቀላ። "ይደገም" ብሎ ሁለተኛውን መርፌ ለብርቄ ሰጣት። መጠኑን ሁለቴ አይታ ወጋች።

ዛሬ ለምሳ የወጣ የለም። ሦስቱን አዳዲስ ጥንቸሎች በብርድ ልብስ ሸፈንናቸው። ሁለቱ ነቁ። ሦስተኛዋ ዝም። ብርቄ ጣቷን ከጥንቸሏ ደረት አላነሳችም። "ትተነፍሳለች፣ ጋሼ" ትላለች፤ ደግማ ደጋግማ። በመጨረሻ ጆሮዋ ተንቀሳቀሰ፤ ቀጥሎ አፍንጫዋ።

ዶክተሩ፣ "ነገም አንቺ ትወጊያለሽ" አላት። ይቅርታ የሚል ቃል ግን አልወጣውም። እሷ ይቅር ብላዋለች፤ እየዘፈነች ነው ወደ ቤት የገባችው። እኔ ገና ነኝ።