ሐሙስ በአውሮፕላኑ እንዳትሳፈሪ

ለምሳሳልሽ እናቴ ለወይዘሮ ሐቢባ፤

አሰላሙ ዓለይኩም። እንደምን ሰነበትሽልኝ? ዓይንሽስ እንዴት ነው፣ ጭጋጉ ባሰ ወይስ እንዳለ ነው? ጉልበትሽ ላይ ብርዱ አልጠናም? አጎቴ ዓብዱ፣ ጎረቤቱ፣ ከብቱ ሁሉ ሰላም ነው? እኔ አልሐምዱሊላህ ጤና ነኝ። ሆዴ ግን ፈርቷል፤ ለአንቺ መዋሸት አልችልበትም። ሀጀር እህቴ፣ እባክሽ ድምፅሽን ሳታርበተብቺ ረጋ ብለሽ አንብቢላት።

እማዬ፣ ሐሙስ በአውሮፕላኑ እንዳትሳፈሪ። ዓይንሽን እዚህ እንድትታከሚ ብዬ፣ አለቃዬን ጋሽ ላጲሶን ደጅ ጠንቼ ያገኘሁልሽ ወንበር ነው። ለሰፈሩ ሁሉ አውርተሽ እንደጨረስሽም ሰምቻለሁ። ቢሆንም ከበረራው ቅሪ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምቦልቻ ዕቃ የምታመላልሰው የድርጅታችን ትንሽ አውሮፕላን፣ ባለፈው ወር ቦሌ ልታርፍ ስትል ጥንብ አንሳ ጅራቷን መታት። ጅራቷ ብረት አይደለም፤ ጥቁር የካርቦን ክር ተደራርቦ በሙጫ የደረቀ ነው። ከላይ ጭረት እንኳ አልታየባትም። ጋሽ ላጲሶ እንደ ልማዳቸው ሃምሳ ሳንቲማቸውን አውጥተው ዳር እስከ ዳር አንኳኩዋት፤ አንቺ ገበያ ላይ እንስራውን በጣትሽ ኳ ኳ አድርገሽ እንደምታዳምጪው ማለት ነው። ጆሯቸው የተመሰከረለት ነው፣ እኔንም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ደህና ናት አሉ።

እኔ ደግሞ በኮርስ የተማርኩትን በቴስተር፣ በኤሌክትሪክ መለኪያው፣ ልሞክር አልኩ። ያ ጥቁር ክር ኤሌክትሪክ ያሳልፋል። ውስጥ ለውስጥ ሲበጣጠስ ግን ኤሌክትሪኩ መተላለፊያ ያጣል፤ ያኔ የቴስተሩ ቁጥር ከፍ ይላል። ጅራቷ ደህና ሳለች የለካሁት ቁጥር ነበረኝ፤ አሁን ጨምሯል። ቀለሙ አሳስቶኝ ይሆናል ብዬ ፍቄ ደገምኩት፣ ያው ነው። በርራ ስትመለስ ለካሁ፣ ባሰ። በበረረች ቁጥር ይጨምራል እኮ! ያ አላህ! ቁጥሩን ይዤ ወደ አለቃዬ ሮጥኩ። ጋሽ ላጲሶ ግን የቴስተርህ ሽቦ ላልቶ ነው ብለው ሳቁብኝ።

ትናንት ይህን ደብዳቤ ጀምሬ አትሳፈሪ ብዬ እንደጻፍኩ እጄ ቆመ። ለአብራሪው ለታዴዎስስ ማን ይጻፍለት? እናቱ ሆሳዕና ናት፣ ምኑንም አታውቅ። ዛሬ ጠዋት ጋሽ ላጲሶ ዘንድ ገብቼ የእናቴን ወንበር ለሌላ ሰው ይስጡት አልኳቸው። ያን ያህል ለምነኸኝ ነው? አሉ። አዎ አልኩ። ቴስተሩን ደጋግሜ ባሳያቸው ያልሰሙኝ ሰው፣ ተነስተው ሄደው እንዳትበር የአውሮፕላኗን ቁልፍ ከታዴዎስ እጅ ተቀበሉ።

ነገ ጅራቷን ቆርጠን ውስጧን እናያለን። አንዴ ከተቆረጠች ወዲያ አትገጠምም፤ ምትኳ ከባሕር ማዶ እስኪመጣ አውሮፕላኗ ትቆማለች። ጋሽ ላጲሶ፣ ደህና ሆና ከተገኘች አንተም እኔም ከሥራ ወጣን ብለውኛል። ዱዓ አድርጊልኝ፤ ምን ብለሽ እንደምትለምኚልኝ ግን እኔም ጠፍቶኛል። ተበጣጥሳ ብትገኝ ታዴዎስ እስከዛሬ ሞቱን አዝሎ ሲበር ነበር ማለት ነው። ደህና ብትሆን ደግሞ የጋሽ ላጲሶን እንጀራ ቆረጥኩ።

አጎቴ ዓብዱን እጅ ነስቷል በሉልኝ። የሀጀርን ልጅ ሸይማን ሁለት ጉንጯን ሳሙልኝ። ሀጀርዬ፣ አንቺንም አላህ ያቆይልኝ፣ እማዬን አደራ። ደብዳቤውን የሚያመጣላችሁ የአውቶቡሱ ሹፌር አብዱልጀባር ነው፤ እማዬ፣ የፊት ወንበር ይዝልሻል፣ ለጉልበትሽም ቀስ ብሎ ይነዳል። ነገ ደህና ነበረች ቢሉኝም፣ በጆሮዬ ብሰማ፣ በዓይኔ ባይ፣ ምትኳ ቶሎ መጥቶ ብትበርም፣ እማዬ አንቺ ብቻ በአውቶቡስ ነይልኝ።

ልጅሽ ሃይደር
ገርጂ፣ አዲስ አበባ
ኅዳር 15 ቀን 1990 ዓ.ም.