ድርሻዬን አስቀምጡልኝ

ደሴ፣ ጥር 12 ቀን 1971 ዓ.ም.

ለምራቴ ለዘይቱና፣ ልጄ እያልሁ ለምጠራሽ፤

አሰላሙ ዐለይኪ። የእናትሽ ጉልበት እንዴት ሆነ? እኔ በጥርስ በኩል ብቻ ተሸንፌአለሁ፤ ሁለት ቀርተውኛል፣ እነሱም ተኳርፈው አንዱ ወዲያ አንዱ ወዲህ ተቀምጠዋል። ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ ሾፌሩ ሞላ ነው፤ እስከ አሰብ በከባድ መኪናው፣ ከዚያ ወዲያ ዓደን ድረስ በሚያውቀው የጀልባ ሰው። በፖስታ ብልከው ሦስት ሰው አንብቦት ነበር የሚደርስሽ፤ የእኔን ቀልድ ደግሞ ለማያውቁት ሰው መስጠት አልወድም።

ጀሊላ ደህና ናት። አሥራ አራት ዓመት ሞልቷት ቁመቷ ጉበኑን ሊነካ ነው። አንቺ ከሄድሽ በኋላ ባልሽ መታሰሩን ሞላ አስነግሮሻል። ያባቷን ስንቅ የምትሠራው እሷ ናት፤ ሰኞና ሐሙስ ኮምቦልቻ ወርጄ እስር ቤቱ ደጅ የማደርሰው እኔ። ስለዚያ የምጽፍልሽ ነገር አለኝ። መጀመሪያ ግን ትንሽ ሳቂ።

ባለፈው እሑድ ቀበሌያችን በአዳራሹ ፊልም አሳየ። ካንቺው ከዓደን የመጣ ነው አሉ፤ የሚናገሩት የማን ቋንቋ እንደሆነ አላህ ይወቀው፣ ከሥሩ ግን የዓረብኛ ጽሑፍ አለበት። ሊቀመንበሩ ደምመላሽ ቤቴ ድረስ መጥቶ፣ «ሼህ ባሽር፣ አያትዎ የመናዊ አይደሉ? ለሰፊው ሕዝብ ይተርጉሙለት» አለኝ። «አያቴ ቆዳ ነጋዴ ነበር እንጂ ሲኒማ ነጋዴ አልነበረም» ብመልስለትም ማጉያውን አስጨበጠኝ።

ፊልሙ እንዲህ ነው። የጀሊላ እኩያ የሆነ ጎረምሳ ከጓሮው ሦስት የሰማይ እንግዶች ያገኛል፤ በድስት ክዳን መሳይ መርከብ ከሌላ ዓለም በረው የመጡ። ጆሯቸው እንደ ፍየል የተንጠለጠለ፣ ሳሙና የሚበሉ፣ የእናቱን ድስት ባርኔጣ የሚያደርጉ። ጽሑፉ ግን ገና ቢስሚላህ ሳልል ይጠፋል! ቁርአን ቆሞ ይጠብቀኛል፣ ይሄ ይሮጣል። ስለዚህ ከራሴ ፈጠርሁ። ትልቁ እንግዳ አፉን በከፈተ ቁጥር፣ «የስኳር ሰልፍ የሚያዘው ከየት በኩል ነው?» አሰኘሁት። ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። ደምመላሽ እንኳ ሳቁን በኮፍያው ሸፈነ።

መጨረሻው ላይ ታናሹ እንግዳ፣ ልጁ አብልጦ የወደደው፣ ሊሄድ ነው። ልጁ ያለቅሳል፤ «ትመለሳለህ ወይ?» እያለው እንደሆነ ያለ ጽሑፍም ይገባል። መልሱ ከሥር ተጻፈ። ያቺ ብቻ ቆመችልኝ፤ አነበብኋት። «አልመለስም፤ ቀና ብለህ አትጠብቀኝ» ትላለች። ጀሊላ ከፊት ወንበር ዞራ አየችኝ። እኔም በማጉያው፣ «ለአረፋ እመለሳለሁ፤ ድርሻዬን አስቀምጡልኝ» አልሁ።

ሕዝቡ አጨበጨበ። እኔ ግን ማጉያውን ካፌ አራቅሁ። ከማጉያው የወጣው ድምፅ የእኔ አልነበረም። የልጄ የአብዱልወሀብ ነበር፤ «ድርሻዬን አስቀምጡልኝ» እያለ ከቤት ሲወጣ እንደኖረው፣ ያው ቃል፣ ያው ድምፅ። ከዚያ ወዲህ ስስል እንኳ እሱ የሳለ ይመስለኛል፤ ዞሬ አያለሁ።

አሁን ተቀመጪ፣ ዘይቱና።

ኅዳር 21 ቀን፣ ሐሙስ፣ የምሳ ዕቃውን ይዤ ደጁ ስደርስ ዘበኛው ዓይኔን ሳያይ፣ «ከእንግዲህ ስንቅ አያምጡ» አለኝ።

«ወደ ሌላ ቦታ አዛወራችሁት?» አልሁ።

«አባት፣ አያምጡ ብዬዎታለሁ» አለ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ይህ ቃል ምን ማለት እንደሆነ ደሴም ኮምቦልቻም ያውቃል። አንቺም ታውቂያለሽ።

ለጀሊላ መንገር አቃተኝ። ስገባ፣ «አባባ፣ በላ?» አለችኝ። «ጣቱን እስኪልስ» አልኋት። በዚያው ቀረ። ትሠራለች፣ ይዤ እወርዳለሁ፣ ባዶውን ይዤ እወጣለሁ። መጀመሪያ መስጊዱ ደጅ ለምትለምነው ለከሪማ ሰጠኋት። እጇን ዘርግታ፣ «ዱዓውን ለማን ላድርገው፣ ሼሁ? ለሕያው ነው ወይስ ለሙት?» ብትለኝ፣ ወላሂ፣ እንደ ሌባ ሮጥሁ። ከዚያ ወዲህ ቦርከና ወንዝ ዳር ተቀምጬ ራሴ እበላለሁ፤ የአላህ ሲሳይ አይጣልም። የልጄን ምሳ። ሚጥሚጣው ሆዴን እያነደደው። አጥንቱን ግን ለውሻ እሰጣለሁ፤ አብዱልወሀብ እኮ ሲግጥ ጎረቤት ይሰማው ነበር። በጎረስሁ ቁጥር ከጎኔ ተቀምጦ እጄን የሚያይ ይመስለኛል።

ከትናንት በስቲያ ክዳኑን ብከፍት፣ ሥጋው ከአጥንቱ ተለይቶ እንደ ሕፃን ምግብ ደቅቋል። ሚጥሚጣ የለበትም። እንጀራው በመረቅ ርሷል። አብዱልወሀብ ይህን ቢያቀርቡለት «ማን ታሟል?» ይል ነበር። እኔ ግን ሳላላምጥ ዋጥሁት።

ቤት ስገባ ጀሊላ «በላ?» አላለችም። ዕቃውን ተቀብላኝ፣ «አባባ፣ ዛሬስ ጥርስዎን አስቸገረዎት?» አለችኝ።

ቁጭ አልሁ። «ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?»

«ዓረብኛውን ያስተማሩኝ እርስዎ አይደሉ?» አለች። «ፊልሙ ላይ ሲዋሹ ድምፅዎ ምን እንደሚሆን ሰማሁ። ‹ጣቱን እስኪልስ› ሲሉኝም እንደዚያው ነበር።»

ከዚያ የሆነውን አልጽፍልሽም፤ ቀለሙ ይበላሻል።

ሰኞ አብረን እንወርዳለን። አጥንት ያለው፣ ሚጥሚጣ የበዛበት ትሠራለች። ለከሪማ እንሰጣለን። ለማን ላድርገው ስትለን አልሮጥም፤ ጀሊላ «ስሙን እኔ ነኝ የምነግራት» ብላለች።

አንቺም የኢዳሽን፣ የመበለት ሐዘንሽን፣ አራት ወር ከአሥር ቀን ከኅዳር 21 ቁጠሪ፤ ሌላ የማውቀው ቀን የለኝም። በእኔ ፍርሃት ሃምሳ አንድ ቀን ሳታውቂ አልፎብሻል፤ ዓውፍ በይኝ።

አላህ እናትሽን ያሽርልሽ፤ ባሕሩን ያጥብብልሽ፤ መንገዱ ሲከፈት ለጀሊላ ያምጣሽ። እስከዚያ በሁለቱ ጥርሶቼ እጠብቃታለሁ።

ውሸታሙ አማትሽ፣
ባሽር ዘይኑልአቢዲን

ላንቺ ድርሻሽን አስቀምጠናል። ይቺን መስመር ጀሊላ አንብባ፣ እውነት ናት ብላለች።