ፊቴን የለጠፍክበት ማር

ለልጄ ለዓሪፍ ይመር፣

ብዕሩን የያዘችው እህትህ ኢብቲሳም ናት፤ ቃሉ ግን የኔ የአባትህ ነው። በደወልኩ ቁጥር ስልኩን እየዘጋህብኝ ወረቀት አስጻፍኩ።

አሰላሙ ዐለይኩም። እንዴት ከረምክ? ጤናህስ እንዴት ነው? ባለቤትህ ሳሚራስ፣ ልጆቹስ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ የኔ ጉልበት ብቻ ቁልቁለት አልወርድም ብሏል። ማሽላው ዘንድሮ አምሮበታል፤ ወፍ እየጠበቅን ነው።

ነገሬ ወዲህ ነው። ጎረቤታችን ዑስማን ከአዲስ አበባ ሲመለስ አንድ ጠርሙስ ማር ይዞልኝ መጣ። «እንኳን ደስ ያለዎት፣ ፊትዎ መርካቶ ገብቷል» አለኝ። ባየው ጠርሙሱ ላይ የተለጠፈው፣ ለዒድ ነጭ ጥምጥም አድርጌ ሳለሁ ለማስታወሻ ብለህ ያነሳኸኝ ፎቶ ነው። ጽሑፉን ኢብቲሳም አነበበችልኝ፤ «የሐብሩ ንጹህ የተፈጥሮ ማር፣ ከሐጂ ይመር ቀፎ» ይላል።

የምን ሐጂ? መካን በምኞት እንጂ በእግሬ አላውቃትም። በሬዬን ሸጬ ሱቅ ያስከፈትኩህ የሐጁን መንገድ ትቼ ነው። የምን ቀፎስ? ንቦቹ በጦርነቱ ጊዜ ጥለውን ከሄዱ ወዲህ ቀፎው ባዶውን ከዋንዛው ላይ እንዳለ አንተው ታውቃለህ። እናትህ በጣቷ ቀመሰችው። ከድና ወደ ደጅ ወጣች። ስኳር ነው። ለመድኃኒት ብሎ ለሚገዛ በሽተኛ በኔ ፊት ስኳር ትሸጥለታለህ።

መርሳ ገበያ መግባት ተውኩ። በርበሬ ሻጮቹ ሳይቀሩ «ሐጂ፣ ዘምዘሙን መቼ ያቀምሱናል?» እያሉ ይሳሳቁብኛል። እኔ አሮጌ ማሽላ ከአዲስ ደባልቄ ሸጬ የማላውቅ ሰው!

ባለፈው ሰኞ ከንግድ ቢሮ ሰዎች መጡ። ያልሆነውን ነው ብሎ ዕቃ ላይ መጻፍ በሕግ እንደሚያስጠይቅ አስረድተው ማሩ የኔ እንደሆነ ጠየቁኝ። አንተ «የኔ ነው ይበሉልኝ፣ አለዚያ ሱቄ ይታሸጋል» ብለህ በዑስማን ስልክ ልከህብኝ ነበር። እናትህም ከጓዳ በር ቆማ በዓይኗ ትለምነኝ ነበር። እኔ ግን ፊቱ የኔ ነው፣ ማሩ የኔ አይደለም፣ ሐጂም አይደለሁም አልኳቸው። አውራ ጣቴን ቀለም አስነክተው አስፈረሙኝ።

ይህን ከሰው አፍ እንዳትሰማው ብዬ ነው። አባቴ ሸጠኝ እንዳትል፤ መጀመሪያ የሸጥከኝ አንተ ነህ። ሱቁ ከታሸገ ቤትህ እዚህ አለ፤ መሬት አለ፣ ሞፈር አለ። ስትመጣ ግን በጠራራ ፀሐይ፣ በገበያው መሃል አልፈህ ና።

ኢብቲሳም «አባ፣ ትንሽ ይለዝብ» ትለኛለች። ያልኩሽን ጻፊ ብያታለሁ።

ሳሚራን ሰላም በልልኝ፤ በሷ ቂም የለኝም። ልጆቹን ግንባራቸውን ሳምልኝ። እናትህ ዓቢዳ ሰላም ብላሃለች፤ ሌላም ያለችው አለ፣ እሱን ራሷ ትንገርህ። ዑስማንም ሰላም ብሎሃል፤ ያን ጠርሙስ ባላመጣሁት እያለ ነው።

በይ ኢብቲሳም፣ ከላይ ጀምረሽ አንብቢልኝ። ያለዘብሽው ቃል ካለ እሰማዋለሁ።

መርሳ ዙሪያ፣ ሐብሩ
ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.